ለአስቴር ያነበብኩላት ኮሚክ

በስደት በምኖርበት ጀፕስታውን ሰፈር፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰውዬ ፊት ቆሜ የሻገተ ወረቀት ሽታ ሲመጣብኝ ልጅ ሳለሁ የነበረኝ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ትዝ አለኝ። የሰባት ጀግኖች ቡድን ታሪክ ነበር። ለብዙ ዓመታት ታትሞ ገበያ ሲያጣ ተቋረጠ፤ ኋላም በአዳዲስ ጀግኖች እንደገና ከቁጥር አንድ ጀመረ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናቷ የሞተችባት የአክስቴ ልጅ አስቴር ከሆሳዕና መጥታ አልጋዬን ተጋራችኝ። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላት ነበር። ከሰባቱ የምትወዳት ቁስል የምትፈውሰዋን ልጅ ነበር።

አንድ እሑድ እማዬ አዲሱን ቀሚሴን ለአስቴር ሰጠችብኝ። ተናድጄ ከመቋረጡ በፊት የወጣውን የመጨረሻ ቁጥር ገለጥኩና፣ «ፈዋሿን ልጅ ጓደኞቿ ‹ሸክም ሆነሽብናል፣ ወደ መጣሽበት ሂጂ› ብለው አባረሯት» ብዬ አነበብኩላት።

አስቴር ገጹን አተኩራ አየችው። «ሌላ ቤት ባይኖራትስ?» አለችኝ።

«እነሱ ምን አገባቸው!» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ካልለመንናት አትበላም ነበር። እማዬ፣ «ይቺ ልጅ ቤቱን ለቃ ሄዳለች፤ የቀረው እግሯ ብቻ ነው» ስትል አልገባኝም ነበር።

አስቴርም ዛሬ እዚሁ አገር፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሱቅ አላት። መጽሐፍ ሻጩ ፊት እንደቆምኩ ደወልኩላትና ያን ኮሚክ ሳነብልሽ ዋሽቼሽ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያቃተኝ ማንበብ እንጂ ማየት አልነበረም። ሥዕሉ ላይ እኮ አቅፈዋታል።»