ጀግናዋን ወንድ አደረጓት

ባለፈው እሑድ ታቦር ሰፈር ወንድሜ ዳዊት ቤት ለምሳ ሄጄ፣ ሴት ልጁ ሳሎን ቁጭ ብላ ጌም ስትጀምር ደረስኩ። ወንድ ወይስ ሴት ሆነሽ ትጫወቻለሽ የሚለው ላይ ነበረች፤ ወንዱን መረጠች። ለምን ብላት፣ «አክስቴ፣ እውነተኛው እኮ ወንዱ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ይሄን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። የሚሌኒየሙ ሰሞን ታምራት የሚባል የሰፈራችን ጎረምሳ በእናቱ ሰርቪስ ክፍል ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ላብና ሸራ ጫማ የሚሸት፣ አግዳሚው ላይ ወንዶች ተጣበው የሚቀመጡበት ቤት ነው። ከእኔ በቀር ሴት አትገባበትም፤ እኔንም እናቴ የላከችኝ ታናሼን ዳዊትን እንድጠብቅ ነው። እንዴት እንደጠበቅኩት እግዜር ይወቀው፣ ጆይስቲኩን ከእጄ የሚያስለቅቀኝ መብራት መጥፋት ብቻ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ጌም ላይ ተተከልኩ። ጀግናውን ራስሽ ነሽ የምትሠሪው፤ እኔም ጠይም ሴት አድርጌ፣ ሹሩባ የሚመስል ጸጉር መርጬ ሠራኋት። ወንዶቹ አሾፉብኝ፤ ይበላቸው ብዬ መጫወቴን ቀጠልኩ። ከተማዋን የከበበው ዘንዶ ስንቴ እንደገደላት! በመጨረሻ ዘንዶውን ስትጥለው ዳዊት አግዳሚው ላይ ወጥቶ «እህቴ ጨረሰችው!» እያለ ጮኸ። በሰፈሩ ያን ጌም መጀመሪያ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ የታቦር ዳገት አልታወቀኝም።

በዓመቱ የጌሙ ክፍል ሁለት መጣ። ሲጀምር አደባባዩ ላይ ከተማዋን ላዳነው ጀግና ሐውልት ቆሟል፤ ጺማም ወንድ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ታምራት ክፋት ሳይኖረው «በቃ፣ ያዳናት ያንቺዋ አይደለችም ማለት ነው» አለኝ። ቆይ እንጂ፣ ወንድ ከሆነ ከመጀመሪያው ወንድ ነው ብለው አይሸጡትም? ማን ከለከላቸው? ምረጪ ብለው ሰጥተው፣ ክረምቴን ሙሉ አልፍተው፣ ሲያበቃ ውሸትሽን ነው ማለት ምን የሚሉት ነውር ነው? ሴት ያደረጋት ሴት ትሁንለት፣ ወንድ ያደረገውም ወንድ ይሁንለት፤ ሐውልቱን ባያቆሙት ምን ይጎድልባቸዋል? ሰጥቶ መንሳት በእኛ አገር ያስወቅሳል። ከዚያ ወዲህ ጌም ቤቱን አልረገጥኩትም።

ይሄን ሁሉ ለልጅቷ ልነግራት አፌን ስከፍት ዳዊት እጁን እያደራረቀ ከጓዳ ወጣ። ቴሌቪዥኑን ሲያይ ፊቱ በራ። «እኛም እንዲህ ያለ ጌም ነበረን» አላት፣ «ዘንዶ የሚገደልበት። በሰፈሩ መጀመሪያ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ አክስትሽ አጠገቤ ሆና ታጨበጭብልኝ ነበር።»

ቢዋሽ በተጣላሁት። አልዋሸም፤ የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። የታምራት ቤት ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፣ አግዳሚው ላይ የነበሩት ልጆች የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ማንን ምስክር ልጥራ? ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የጨረስኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ሁለቱም ሳቁ።