በትክል ድንጋይ ራሴን የነቀነቅሁበት ቢሮ

ማክሰኞ ጠዋት

ከጎንደር የተነሳሁት ትክል ድንጋይ ከተማ ያለ አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ልጠግን ነው። ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ነበር። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ ነው። ከትውልድ ቦታዬ ከጠዳ ስመጣ የተቀጠርሁት ወለል ልጠርግ ነበር። ከወለሉ ወደ ኮምፒውተሮቹ አቧራ፣ ከአቧራው ወደ ብሎኑ እያልሁ ሥራውን ለመድሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ለደንበኛ አልናገርም። እንዲያውም ደንበኛ ሲመጣ ከቻልሁ ምንም አልናገርም።

አለቃዬ ጌትነት የዕቃ ቦርሳውን ሲሰጠኝ፣ «ትርንጎ፣ ከመፍታትሽ በፊት የሚሠራበትን ሰው ጠይቂ። መቼ ጠፋ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያደርግ ነበር፣ በይ» አለኝ።

«እሺ» አልሁ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጭናቸው ላይ የሽንኩርት ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ውሃው ቀሚሴን አራሰው። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ስንፈተሽ፣ ፈታሹ ከቦርሳዬ ካቻቢቴና ሁለት ብሩሽ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

ባለ ችግኟ ሴትዮ ቀደሙኝ። «ምነው፣ ብሩሽ አታውቅም? ቀለም ቀቢ ናት።»

«እንግዲያ ይህን ኬላ ብትቀባልን ሸጋ ነበር» አለ ፈታሹ። ሰው ሳቀ። እስክንደርስ ድረስ ቀለም ቀቢ ሆኜ ተጓዝሁ። አንዱ ተሳፋሪ ለቤቱ በር የሚሆን ቀለም ሲያማክረኝ «አረንጓዴ ይሻላል» አልሁት።

መንገዱ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከክምሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል ይታያል። ትክል ድንጋይ ስንደርስ የመንገዱ ዳር ሁሉ ግመሬ አቧራ ለብሶ ነበር። ቅጠሉም፣ የሱቁ ቆርቆሮም፣ የቆመው ባጃጅም አንድ ቀለም ሆነዋል።

ቢሮው

የግብርና ቢሮው ከመንገዱ ብዙም አይርቅም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ይገባል። ኮምፒውተሩ የአያ ፈንቴ ነው። አያ ፈንቴ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ማሽኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጣሳ ውሃ አለ። በየጠዋቱ ከመጥረጋቸው በፊት አቧራው እንዳይነሳ ወለሉን ይረጩበታል። እናቴም ጠዳ እንዲሁ ታደርጋለች።

ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ግን ኃላፊው ሌሎች ሠራተኞችን አስከትሎ ገባና ከራሴ በላይ ቆመ። እኔም ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ብሎኑን ፈታሁ።

ውስጡ አቧራው እንደ ባዘቶ ተጋግሯል። በብሩሽ ጠረግሁ። አበራሁት። ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ገመዱን ቀየርሁ፣ ስክሪኑን ከሌላ ጠረጴዛ አምጥቼ ሞከርሁ። ያው ጨለማ። ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር፤ ራም የምትባለውን ቀጭን ሰሌዳ ነቅሎ፣ አጽድቶ መመለስ ነው። ነገር ግን ሰው እያየኝ ብትሰበርብኝስ ብዬ ፈራሁ።

«እህቴ፣ ምን ሆነ ታዲያ?» አለ ኃላፊው።

«ማዘርቦርዱ... ዋናው ሰሌዳ ሳይቃጠል አይቀርም» አልሁ።

«ምን አቃጠለው?» አለና ዓይኑ ወደ ጣሳው ሄደ። «ውሃ ነው አይደል? በየጠዋቱ ይረጩበታል።»

ውሃ የነካው ምልክት አላየሁም። ዝገት የለም፣ ነጠብጣብ የለም። ራሴን ግን ነቀነቅሁ። ከዚያ ክፍል ቶሎ እንድወጣ ብዬ ብቻ ነበር።

«አልኩዎት እኮ፣ አያ ፈንቴ። ይህ ነገር ለወጣት ነው» አለ ኃላፊው። ከሠራተኞቹ አንዱ «ችግኝ መስሏቸው ይሆናል ያጠጡት» ብሎ አሳቀ። አያ ፈንቴ ጨርቁን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ምሳ

ሚኒባስ ስጠብቅ አያ ፈንቴ ከኋላዬ ደረሱ። «እንግዳ ሳይበላ አይሄድም» ብለው ምግብ ቤት አስገቡኝ። ሽሮ መጣልን። አልተቆጡም። የሚቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ወደ በር ጥበቃ ሊያዞሩኝ ነው» አሉ። «መዝገብ ይዤ አረጀሁ። ኮምፒውተሩን ሲያመጡ አትችልም አሉኝ፤ በአንድ ጣት ተማርሁት። ቀርፋፋ ነኝ፤ የአንድ ገበሬ ስም ግን አልሳትሁም። በእኔ እጅ መቃጠሉ ነው የቆጨኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ ሰው ፊት ያላልሁት ነገር አለ። አንድ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይል ነበር። ጎኑን በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ይነሳል። ምናልባት ያ ይሆን የጎዳው?»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሲመቱት የሚነሳ ማሽን አልተቃጠለም። የላላ ወይም አቧራ የገባበት ነገር አለ ማለት ነው። ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ቦርሳዬም ጭኔ ላይ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት «ጎንደር፣ ጎንደር» እያለ መጣ። ተነሳሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁና ተሳፈርሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ለጌትነት ሁሉንም ነገርሁት። አንተ ሂድልኝ ብዬም ለመንሁት። የያዘውን ብየዳ ሳይተው፣ «አንቺ የነቀነቅሽውን ራስ እኔ ልመልስልሽ?» አለኝ።

ብቻዬን ተመለስሁ። የቢሮው በር ላይ የሚገባውን ሰው የሚፈትሹት አያ ፈንቴ ነበሩ። «ደግሞ መጣሽ?» ብለው ቦርሳዬን እንደ ማንም ሰው ፈተሹት። ከበስተኋላቸው ግድግዳው ላይ ደብዳቤ ተለጥፏል። ኮምፒውተሩ በጥንቃቄ ጉድለት ውሃ ነክቶት መቃጠሉ «በባለሙያ በመረጋገጡ» አያ ፈንቴ ወደ በር ጥበቃ ተዛውረዋል ይላል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ሰው ባለሙያ ብሎ ሲጽፈኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

እንደገና ልየው ስለው ኃላፊው ማሽኑን ከዕቃ ግምጃ ቤት አስመጣልኝ። እነዚያው ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። ራሟን ነቀልሁ። ጥርሶቿ ጠቁረዋል፤ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጌ ፈተግኋቸው፤ ማስገቢያዋን በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ እስክትቆልፍ ተጫንኋት። አበራሁት። ስክሪኑ በራ።

«እና ውሃውስ?» አለ ኃላፊው።

«ውሃ አልነካውም። አቧራ ነው። ትናንት ሳላረጋግጥ ነው ራሴን የነቀነቅሁት።»

«ደብዳቤ ወጥቷል እኮ» አለ ኃላፊው። «በቃል አይሻርም። በጽሑፍ ስጪኝ።»

ብዙ አልጽፍም፤ እጄም ለብዕር አልለመደም። አራት መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ ስሜንም ከሥሩ አደረግሁ። ኃላፊው አንብቦ ጥቂት አሰበና አያ ፈንቴን ከበር አስጠራ። ወረቀቱን ሰጣቸው፤ «ይመዝግቡትና ቦታዎ ይቀመጡ» አላቸው።

አያ ፈንቴ ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ተቀምጠው ቁጥር ሰጡት። ዕቃዬን ስሰበስብ ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«ትናንት ምሳ ላይ፣ መታ መታ አደርገዋለሁ ስልሽ፣ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ» አልሁ።

«እንግዲያ ደህና ግቢ» አሉ፤ በአንድ ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ።

ጎንደር

ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። «ተሠራ?» አለኝ ጌትነት። «ተሠራ።» «ሽማግሌውስ?» «ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።» «ሸጋ» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሲሰናበቱኝ የጠየቁኝን አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲህ ብሎን ከመፍታቴ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማውም ራቅ አድርጌ ነው የምጠይቀው፤ ሰው ያፈረበትን በሰው ፊት አይናገርምና። ያላወቅሁትን አላወቅሁም እላለሁ። በትክል ድንጋይ መንገድ ስሄድ ግን ያ ምግብ ቤት ጋ ስደርስ እስካሁን ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞራለሁ።