ጋቢዬ ሳያልቅ የተፈታው እስረኛ

በኢሕአዴግ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ ደህና ጋቢ የፈለገ ሰው የሚሄደው ወህኒ ቤት ነበር። እስረኞቹ ይሸምናሉ፣ እኛ እንገዛለን። ለሸማኔው ምን ይደርሰዋል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ርካሽ ነዋ!

ለሠርጌ የሚሆን ጋቢ ያዘዝኩት ሰይድ የሚባል እስረኛ ዘንድ ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ልወስድ ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ፣ "ሰይድ ይቅርታ ተደርጎለት ዛሬ ይፈታል። ጋቢህ ገና ግማሽ ላይ ነው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "ሰው ጋቢ ጀምሮ እንዴት ይፈታል? ጨርሶ ቢወጣ ምናለ?"

አጠገቤ በቅሎ ይዘው የቆሙ እናት ነበሩና ይፍረዱኝ ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ። "እማማ፣ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ዕድሜ ልክ አይገባውም ነበር?"

"እጁስ ማሻ አላህ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "ከአባቱ ነው የወረሰው። ልጄን ልወስድ ከከላላ መምጣቴ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን ወደ ግቢው ዘረጉ።

"አይዞህ ልጄ፣ ጋቢህ ከሸማ ዕቃው ላይ አልወረደም፤ የሰይድም ቦታ ባዶ ነው። ግባና ጨርሰው።"