ፕሮግራሙን ማን ይረከብ?

ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ይሯሯጣሉ። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አጥፍታ እንደገና ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ይኼ ይጎድለኛል ባለ ቁጥር የጎደለውን ከኢንተርኔት አውርዳ ታጎርሰዋለች፤ አልበላም እንዳለ ሕፃን ታባብለዋለች። በመጨረሻ አንድ የፊደል ሰንሰለት ብትሰጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ሣለላት። "እሰይ!" ብላ ብቻዋን አጨበጨበች።

የቤተ ሙከራው ረዳት ናት። ፕሮግራሙ የአንድን ኬሚካል ስሪት በፊደል ሲነግሩት ሥዕሉን የሚያወጣ፣ ከብዙ ሺህ መሃል የሚመስለውን የሚለይ፣ በነጻ የሚታደል መሣሪያ ነው። ኃላፊው "ነገ እንግዶች ሲመጡ ሠርቶ ካየሁት ቋሚ ትሆኛለሽ" ብለዋታል። ካልሆነ ኮንትራቷ ያበቃል፤ እናቷ ደግሞ የምትኖረው በእሷ ደሞዝ ነው።

ጭብጨባውን ሰምተው የንብረት ክፍሏ እትዬ ማኅተም ገቡ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ማኅተሙን ከአንገታቸው ስለማያወርዱት ግን ሁሉም እንዲህ ይላቸዋል።

"አዲስ ዕቃ አስገብተሽ ነው የምትፈነድቂው? የታለ?"

"እዚህ ውስጥ ነው፣ እትዬ።"

"ክፈቺውና ልየው።"

"ቢከፈትም አይታይም።"

"የማይታይ ዕቃ! ኋላ ቢጠፋ ማንን ልይዝ ነው? ነፋስን?"

ኃላፊው ተጠሩ። አገጫቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈረዱ።

"ከደንብ ውጭ የገባ ነው። አውጪውና በንብረት ክፍል በኩል ይግባ።"

"ጋሼ፣ እየሠራ እኮ ነው!"

"መሥራቱን ማን ጠየቀሽ? አገባቡን ነው የምንጠይቀው።"

ልጅቷ እያዘነች በፍላሽ ገልብጣ ከኮምፒውተሩ አጠፋችው፤ ፍላሹንም አስረከበች። እትዬ ማኅተም እንደ ልማዳቸው የንብረት ቁጥር ለጠፉበት። ፍላሹ ትንሽ፣ ወረቀቱ ትልቅ ሆነና መሰኪያውን ጭምር ጠቅልሎ ያዘው። ሙጫቸውም የዋዛ አይደለም።

"እትዬ፣ እንዲህማ አይሰካም። ጫፉን ትንሽ ልላጠው?"

"የንብረት ቁጥር የላጠ ከሥራ ይባረራል። ለአንቺው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ኃላፊው ፍላሹን ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው "ዘመናዊው መሣሪያ ተሟልቶ ገብቷል" አሉ። እንግዶቹ ተጠግተው አዩት። አንዱ "ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነው" ብሎ አደነቀ። ፎቶ ተነሥተው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

"የኔስ ነገር፣ ጋሼ?"

"መች ሲሠራ አየሁት?" አሏትና ቁም ሣጥኑን ቆለፉ። ጨካኝ ግን አይደሉም፤ ኮንትራቷን አንድ ወር አራዘሙላት። መስታወቱን የሚወለውል ሰው ያስፈልጋላ።

አንባቢዬ፣ ምናልባት ከእነዚያ እንግዶች አንዱ ከሆንክ፣ ወይም አንዱን የምታውቂ ከሆነ፣ እባካችሁ ወሩ ሳያልቅ ሂዱና "እስቲ ሲሠራ አሳዩን" በሏቸው። ሌላ አልጠይቅም።