ከሀዋሳ እስከ ዲላ ብቻውን የበረረ አውሮፕላን

ኢዮስያስ በኃይሉ ወልደአማኑኤል ኅዳር 9 ቀን 1967 ዓ.ም. በሀዋሳ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ተወለደ። አባቱ አቶ በኃይሉ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ የሚጠግኑ አናጢ ነበሩ። ልጁ ከእርሳቸው ሁለት ነገር ተማረ፤ እንጨት ሳይከብድ እንዴት እንደሚጠነክርና ሐይቁ በአንድ ቀን ውስጥ ጠባዩን እንዴት እንደሚለውጥ። ጠዋት ውኃው እንደ መስታወት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ዐዋቂ አጥማጅ ጀልባውን ወደ ዳር ያወጣል።

ካደገ በኋላ በከተማው በነበረ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና አስተማሪ ሆነ። ደመወዙን ያገኘው በጥገና ቢሆንም ልቡ ያረፈው በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ነበር። የመጀመሪያውን አውሮፕላን በማሠልጠኛው ወርክሾፕ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀበት። አካሉን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቀረጸው፤ ክንፉን አባቱ በሰጡት ቀጭን እንጨት አጠነከረው።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ታደሰ ነበሩ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንግዶች በመጡ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዷቸውና አውሮፕላኑን «እኔ የነደፍሁት» ብለው አሳዩአቸው። ኢዮስያስ መቆጣጠሪያውን እንደ ያዘ ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ፣ አሁን አይሆንም። ነፋሱን ይዩት። ነገ ጠዋት ይሁን።»

«እንግዶቹ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ናቸው። አምጣው ወዲህ! አንተ ከፈራህ ሌላው ያበርረዋል።»

አቶ ታደሰ መቆጣጠሪያውን ከእጁ ነጠቁ። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በሦስተኛው ነፋሱ ክንፉን ገለበጠውና ሐይቁ ዋጠው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ወጉን ያውቀዋል፤ ሠራተኛው ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ በራሱ ላይ ሂስ ያቀርባል፤ ሌላው ይጨምርበታል፤ የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምበታል። አቶ ታደሰ አውሮፕላኑ የጠፋው በኢዮስያስ ቸልተኝነት መሆኑን ተናገሩ። ኢዮስያስ ሊመልስ ሲነሣ አጠገቡ የተቀመጠ ባልደረባው እጅጌውን ጎተተው። «ሂሱን ዋጥ አድርገው፤ ይቀልልሃል። ብትከራከር እስከ ማታ ልንቀመጥ ነው» አለው። ኢዮስያስም ዋጠው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ፈረመ።

ትልቁ ስሕተቱ ይህ ነበር። ለሰላም ብሎ በሐሰት ላይ የፈረመ ሰው ሰላሙንም እውነቱንም በአንድ ቀን ያጣል። ያ ቃለ ጉባኤ ማስረጃ ሆነበት፤ ከማስተማር ተነሥቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረገ። የወርክሾፑን ቁልፍ ሲያስረክብ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ የአውሮፕላኑ ሠሪ ማን እንደ ነበረ በፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍለት።

«ስም?» አሉ አቶ ታደሰ፣ ቢሮው ውስጥ ወደ ነበሩት ሰዎች እየዞሩ። «ሐይቁን እንኳ ላልተሻገረ አውሮፕላን? ዲላ ሲደርስልህ ና፤ ያን ጊዜ በቀይ ቀለም እጽፍልሃለሁ!»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ኢዮስያስ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር መቀመጥ አልፈለገም።

ባለቤቱ ፅጌ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምታገለግል፣ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ነበረች። «ኢዮሴ፣ ተውለት፤ ይቅር በለው» አለችው።

«ይቅርታ ለጠየቀ ነው። እሱ ምን ጠየቀኝ?»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ዲላ እደርስለታለሁ።»

በዓመቱ አቶ ታደሰ ተሹመው በዲላ የሌላ ማሠልጠኛ ኃላፊ ሆኑ። ኢዮስያስ ወሬውን ሲሰማ ደስ አለው፤ በሹመታቸው የተደሰተ ጠላት ምናልባት እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰውየውና ከተማው አንድ ቦታ ሆኑለት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቅዳሜና እሑድን ለዚህ ሥራ ሰጠ። ከሞቱ ላፕቶፖች ባትሪ ውስጥ ገና ነፍስ ያላቸውን ሕዋሳት እየለየ አከማቸ። አውሮፕላኑን ያለ ሰው እጅ የሚመራውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከውጭ አገር አስመጣ። ይህ ሰሌዳ ያለበትን ቦታ በሳተላይት እያወቀ፣ አስቀድሞ የተሰጠውን መንገድ ይከተላል። ፈቃድ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ሰባት ወር ተመላለሰ።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሁለተኛውን አውሮፕላን ወደ ዲላ ለቀቀው። አልደረሰም። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የሲዳማ ገበሬ በክንፉ ላይ በነበረው ስልክ ቁጥር ደወሉ፤ አውሮፕላኑን ከይርጋለም ወዲያ በእንሰት ተክላቸው መካከል አግኝተውት ነበር። ሊወስድ ሲሄድ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገርህ ኰረብታ መኖሩን አያውቅም እንዴ?» ብለው ሳቁበት። እውነታቸውን ነው። ከፍታውን የለካው ከሀዋሳ መሬት ተነሥቶ ነበር፤ በመንገዱ መሬቱ ከፍ ማለቱን ግን አላሰላም። ቂም የያዘ ሰው ዐይኑን በጠላቱ ላይ ብቻ ይተክላል፤ በመካከል ያለው ኰረብታ አይታየውም። ኢዮስያስ ይህን ተረድቶ እያንዳንዱን ኰረብታ ከካርታ ላይ አጠና። ቂሙን ግን አልተወም።

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. አቶ ታደሰ በማሠልጠኛቸው ግቢ የፈጠራ ሥራ ትርኢት እንደሚከፍቱ ተሰማ። ኢዮስያስ የአውሮፕላኑን ማረፊያ ከግቢው አጠገብ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አደረገ። ፅጌ አስቀድማ በሚኒባስ እንድትሄድለትና አውሮፕላኑን በሰው ፊት ለአቶ ታደሰ እንድታስረክብለት ለመናት።

«እሄዳለሁ» አለች፤ «ሰው እንዳይጎዳ እጠብቃለሁ፤ አውሮፕላንህን አንሥቼ እመለሳለሁ። ሰው ግን አላዋርድም። እግዚአብሔር ይየኝ!»

ጥር 21 ቀን፣ ሐይቁ ገና ሳይነቃ፣ ኢዮስያስ አውሮፕላኑን በእጁ ወርውሮ ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም።

ዲላ ላይ እንግዶቹ ንግግር እየሰሙ ሳለ ከሰሜን በኩል የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። አውሮፕላኑ በሜዳው ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ በቀስታ አረፈ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አቶ ታደሰ ከፊት ደርሰው አነሡት፤ ፅጌን ሁለት እርምጃ ያህል ቀድመዋት ነበር።

«ይህ እንግዲህ የባለሙያዎቻችን ሥራ ነው!» አሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «ልናስደንቃችሁ ብለን ደብቀነው ነው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፅጌ ባለችበት ቆመች። ኋላ ስትናገር፣ ሰባት ዓመት የባሏን ቂም ስትገሥጽ ኖራ ቂሙ ያን ጊዜ ወደ እርሷ እንደ ተሻገረ ገልጻለች።

«እንኳን ደስ ያለዎ፣ ጋሽ ታደሰ» አለች። «ከየት ተነሥቶ እንደ መጣ ለእንግዶቹ ቢነግሩልን?»

«ከዚሁ ነው እንጂ! ከግቢያችን ጀርባ።»

«እንግዲያው ይገልብጡት። ሆዱ ላይ ተጽፏል።»

አቶ ታደሰ አልገለበጡትም፤ አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ተቀብለው ገለበጡት። በፕላስቲክ የታሸገ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሁሉ የሚያውቀው ሞዴል 19፣ ተለጥፎበታል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «የዕቃው ዓይነት፦ አውሮፕላን፣ አንድ። ሠሪውና ላኪው፦ ኢዮስያስ በኃይሉ፣ ሀዋሳ። የመጣበት መንገድ፦ በአየር፣ ብቻውን። ተረካቢ፦ አቶ ታደሰ።»

ቀና ብለው አዩአቸው። «ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ይፈርሙ እንጂ፤ ዕቃው እኮ በእጅዎ ገብቷል!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ፅጌ ፕላስቲኩን ገልጣ ብዕር አቀበለቻቸው። ፈረሙ።

አቶ ታደሰ ከሹመታቸው አልወረዱም። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተረካቢው» እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ በጡረታ እስኪሰናበቱም ድረስ ስሙ አልተዋቸውም። ፅጌ በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ንስሐ ገባች። ኢዮስያስ አልገባም፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅም፣ «እኔ ዕቃ ነው የላክሁት» ይላል። ይህን መልስ ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የተፈረመው ደረሰኝ ግን ትክክል ነው።

ኢዮስያስ በኃይሉ የሠራው አውሮፕላን ጥር 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሀዋሳ ተነሥቶ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ሰባ አራት ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ በርሮ፣ ዲላ ላይ በታሰበለት ሜዳ አረፈ።