ፓርኪንግ ውስጥ የተማርኩት ኮሙዩቴተር

ስሙኝማ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ግን የኳንተም ፊዚክስ ኮሙዩቴተር ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የተማርኩት ሲያትል መሃል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ህንጻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፤ በእድሜ አባቴን ያክላሉ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ በቃ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ እዚህ ከኔ ጋር የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ጠዋት የቢሮው ሰው ገብቶ ካለቀ እስከ ምሳ ስራ የለም። ውጭ ያካፋል፣ ከታች የጀልባው ጡሩምባ ይሰማል፣ እሳቸው ጎማ ላይ ምልክት የምናደርግበትን ጠመኔ ይዘው ሲሚንቶው ላይ ይጽፋሉ። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ደሞዙ አይደለም፣ ጠመኔው።

አንድ ቀን ኦፐሬተር ምንድነው አልኳቸው። እንደ ትእዛዝ ቁጠረው አሉኝ፤ ሞመንተም ሂድ ይልሃል፣ አንጉላር ሞመንተም ዙር ይልሃል። ኮሙዩቴተር ደግሞ ቅደም ተከተላቸውን ስትገለብጥ የሚመጣው ልዩነት ነው። ቢገለበጥ ምን ለውጥ አለው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ሳታቁላላ ውሃ ብትደፋበት ወጥ ይሆናል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሰሩት እንደሆነ በየትኛውም ቅደም ተከተል አይበላም።»

ሳቁ። ከዛ አስነስተው ምሶሶ ስር አቆሙኝ። መጀመሪያ ምሶሶውን ሩብ ዙር፣ ከዛ አስር እርምጃ ወደ ባህሩ ሂድ አሉኝ። ባህሩ በኩል ያለው ግድግዳ ጋ ደረስኩ። ተመለስ፣ አሁን መጀመሪያ አስሩን እርምጃ ሂድ፣ ከዛ ርቀትህን ጠብቀህ ምሶሶውን ሩብ ዙር አሉኝ። ራሴን መውጫው ጋ አገኘሁት። ያው ሁለት ትእዛዝ፣ ሌላ ቦታ። ምሶሶውን ታክኬ ወደ አራተኛ ፎቅ ብወጣስ ስላቸው፣ እሱ ከመዞርህ በፊትም በኋላም ያው ነው፣ ልዩነቱ ዜሮ ነው አሉ። ዙሩን እያሳነስከው ስትሄድ ግን የሚተርፍህ ልዩነት ወደ ጎን መሄድ ብቻ ነው፤ ራሱ ሞመንተም፣ በምልክቱ ፒ። ወደ ኤክስ ስትሄድ ፒ ዋይ ይተርፍሃል፤ ወደ ዋይ ስትሄድ ፒ ኤክስ፣ ግን ከመቀነስ ምልክት ጋር። እሷን እንዳትረሳ አሉኝ።

ሶ፣ አንድ ኮሌጅ ጋሼን ለአስተማሪነት ጠራቸው። የሙከራ ትምህርት አለ፤ ካለፉ ከፓርኪንግ ወጥተው አስተማሪ ሆኑ ማለት ነው። ክራቫታቸውን ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። ይዘውኝ ሄዱ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ እሳቸው እንዲቀጥሉ ብሎ መነሻውን፣ እነዚያኑ ኮሙዩቴተሮች፣ ራሱ ቦርድ ላይ ጻፈላቸው። ሲጽፍ ፒ ኤክስ ፊት ያለችውን መቀነስ ረሳት። እኔ አየኋት። ወደ ጋሼ ስዞር እሳቸውም አይተዋል፤ እጃቸው አየር ላይ ቆሟል።

የጠራህን ሰው በተማሪዎቹ ፊት ማሳፈር እኛ ጋ ነውር ነው። ጋሼ ያቺን መስመር ዘለው ሌላውን አስተማሩ። አንዷ ተማሪ ስለ መስመሩ ብትጠይቃቸው፣ እሱን ከፕሮፌሰሩ ጋር እናየዋለን ብለው አለፉ። ሊመዝኗቸው የተቀመጡት የቅጥር ኮሚቴው ሰዎች ማስታወሻ ያዙ። ሲያልቅ ጋሼ ሰውዬውን ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርተው ቀስ ብለው ነገሩት። አጠገባቸው ነበርኩ። ግንባሩን መታ፣ አመሰገናቸው፣ ተመልሶ ገብቶ ምልክቷን ጨመራት።

በሳምንቱ ከኮሌጁ ኮል አደረጉ። መሰረታዊ ኮሙዩቴተር ላይ ተደናግረዋል፣ የተማሪ ጥያቄ ሸሽተዋል፣ ኮሚቴው አልተቀበለዎትም አሏቸው። ጋሼ ስልኩን ዘግተው የስራ ጃኬታቸውን ለበሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩባቸው፤ እዛው ቦርዱ ጋ ለምን አልነገሩትም አልኳቸው።

«እንግዳ ሆኜ ሄጄ ባለቤቱን ላዋርደው?» አሉኝ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ከዛ ወዲህ ወለሉ ላይ አልጻፉም። ጠዋት ጠዋት ከኔ ርቀው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። ብዙም ሳልቆይ ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ስራ አግኝቼ ሄድኩ፤ ዝምታቸውን አልቻልኩትም።

እና አንተ ፕሮፌሰር፣ የክፍሉ ኃላፊ ነህና ኮሚቴው ሲወስን አብረህ ተቀምጠህ ነበር። ስህተትህን ማን እንዳረመልህ እያወቅህ፣ ሰውዬው አያውቅም ሲባል አፍህን ምን ያዘው?