ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው

ጅጅጋን የለቀቅኩ ዕለት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ እናቴ ደጃፉ ላይ አቁማ ፊቴን በመዳፏ ዳሰሰችኝ፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ሰው የምትለየው በእጇ ነው። የባቢሌው ሚኒባስ ክላክሱን ሲያንባርቅብኝ ግን «በቃ እማዬ፣ ያመልጠኛል!» ብዬ እጇን ከፊቴ አወረድኩት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ጀርመን አገር ያገኘሁት ሥራ የአረጋውያን መጦሪያ ጽዳት ነው። እናንተዬ፣ እዚህ የሽማግሌ ጉልበት አይሳምም፤ በሰዓቱ ይገላበጣል፣ በሰዓቱ ይመገባል፣ አለቀ። ኮሮና ሲገባ የሞቱባቸውን አልጋዎች ተራ በተራ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክትባቱ ጅጅጋ ሲደርስ እናቴን በስልክ ነዘነዝኳት። አንዱን ተወጋች። ሁለተኛው ሁዳዴ ላይ ዋለና «ፆሙ ሳይፈታ መርፌ አልወጋም» ብላ ድርቅ አለች፤ የተወጋችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ካልሞላ ክትባቱ አይከላከልም ተብለናል፤ የኔ ትኬት ደግሞ ተቆርጧል።

አለቃዬን «ኡርላውቤን ግፊልኝ» አልኳት፤ እረፍቴን ማለቴ ነው።

«ለምን?»

«እናቴ በፆም መርፌ አልወጋም ብላ ዘገየች።»

«መርፌ ምግብ ነው እንዴ?»

«ለእሷ ነው።»

«እንግዲያው ተጨማሪውን ቀን ከእግዚአብሔር ጠይቅ» አለችኝ።

ስደርስ ከተወጋች አምስት ቀኗ ነበር፤ ስመለስ አሥራ ሦስት ይሆናል። አንድ ቀን ጎደለኝ። ማስኬን አጥብቄ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ና እስኪ፣ ከስተህ እንደሆን ልይህ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ቀኑ ሳይሞላ አይሆንም እማዬ።»

እየዳበሰች ስትመጣ ወንበሬን ወደኋላ ጎተትኩ። ድምፁን ሰማችና ቆመች። ከዚያ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

ጎረቤታችን ሆዳን ያለ ማስክ ገብታ እናቴን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት። «ወርያ፣ አንተ፣ እናትህ እኮ ናት!» ብላ ጮኸችብኝ። እሷንም ከልክዬ አስወጣኋት። ከዚያ እስክሄድ ድረስ እናቴን ሰው የሚባል አልነካትም።

ጀርመን ተመልሼ ደወልኩ።

«እንዴት ሰነበትሽ እማዬ?»

«ይመስገን። ሆዳን መግባት ጀምራለች። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?»

«መጣሁ እኮ! ስምንት ቀን አብሬሽ ነበርኩ!»

«እሱ የጤና ቢሮ ሰው ነው። በር ላይ ተቀምጦ ተቀምጦ ሄደ።»

እናቴ አእምሮዋ ምላጭ ነው፤ የምትለውን ታውቃለች።

«እንዳልገድልሽ ብዬ እኮ ነው!» አልኳት፣ እንባዬ እየመጣ።

«አልሞትኩም» አለችኝ። «ልጄን ካገኘኸው ግን፣ እጄ ፊቱን እየረሳው ነው በለው።»